የአባቴን ደረት ዳገት ላይ ይጨንቀዋል፤ የልብ ሲቲ ስካን እናሠራለት?

ጥያቄ፦ «የምጽፈው ከባሕር ዳር ነው። አባቴ 61 ዓመቱ ነው፤ ጡረታ የወጣ መምህር። ደም ግፊት ከያዘው 8 ዓመት፣ ስኳር ከያዘው ደግሞ 5 ዓመት ሆኖታል። ጠዋት ጠዋት የዓባይን ድልድይ ተሻግሮ ወደ ቤዛዊት የመውጣት ልማድ አለው። ከአራት ወር ወዲህ ግን ዳገቱን ሲጀምር ደረቱን እንደ ድንጋይ ይጫነዋል፣ ግራ ክንዱን ያዝለዋል፤ ቆም ሲል ይለቀዋል። መጀመሪያ ጨጓራ ነው ተብሎ ኦሜፕራዞል ወሰደ፤ ለውጥ የለም። ኢሲጂም ኢኮም ተነሣ፤ ሁለቱም ደህና ናቸው ተባልን። አሁን አንድ ሐኪም አዲስ አበባ ሄዳችሁ የልብ ሲቲ ስካን አሠሩ አለን። እዚሁ ከተማችን ሲቲ እያለ ለምን አዲስ አበባ? ውጭ ያለው ወንድሜ ‹ለምን በቀጥታ በካቴተር አይታይም?› ይላል። እናቴ ደግሞ ጨረሩን ፈርታለች። በዚህ ወር የደረሳትን የዕቁብ ገንዘብ ልናወጣበት ነው፤ ይጠቅማል ወይ?»

ምላሽ፦ እህቴ፣ ከጻፍሽው ሁሉ ዓይኔ የቆመው «ቆም ሲል ይለቀዋል» ያልሽው ላይ ነው። ጨጓራ ዳገትና ሜዳ አይለይም። ባዶ ሆድ ላይ፣ በርበሬ ከበዛበት ወጥ በኋላ፣ ሌሊት ጋደም ሲሉ ያቃጥላል እንጂ ሰው መንገድ ላይ ሦስት ደቂቃ ቆሞ ስላረፈ ለቆት አይሄድም። ሲራመዱ የሚመጣ፣ ሲቆሙ የሚሄድ፣ እንደ ድንጋይ የሚጫን፣ ወደ ክንድ ወይም ወደ መንጋጋ የሚዘልቅ የደረት ጭንቀት አንጃይና ይባላል። የልብ ጡንቻ የሚፈልገውን ያህል ደም ሲያጣ የሚሰማ ሕመም ነው። ይህንኑ ሕመም ይዘው «አፈ ልቤን ነው» እያሉ የጨጓራ መድኃኒት ሲቀያይሩ የከረሙ ብዙ ሰዎች አይቻለሁ፤ አንዳንዶቹ እኔ ዘንድ የደረሱት የልባቸው ጡንቻ ከተጎዳ በኋላ ነው። ስለዚህ ሲቲው ይሠራ ወይስ ይቅር ከማለቴ በፊት አንድ ነገር አስቀድማለሁ፦ የአባትሽ ሕክምና ሲቲውን መጠበቅ የለበትም።

በ61 ዓመት፣ ግፊትና ስኳር ተደርበው፣ እንዲህ ጥርት ያለ ታሪክ ሲኖር የልብ ደም ቧንቧ የመጥበቡ ዕድል ትንሽ አይደለም። ቀጠሮ እስኪያዝ፣ ገንዘብ እስኪሟላ፣ አዲስ አበባ እስኪደረስ ሳምንታት ያልፋሉ። በእነዚያ ሳምንታት አባትሽ እንዲሁ መቀመጥ የለባቸውም። ነገ ዛሬ ሳትሉ የሚከታተላቸው ሐኪም ዘንድ ሂዱና እነዚህን ጠይቁ። ኮሌስትሮል የሚቀንሰውን ስታቲን፣ ለምሳሌ አቶርቫስታቲን፣ ጀምረዋል ወይ? በእሳቸው ዕድሜ ያለ የስኳር ታማሚ የደረት ሕመም ባይኖረው እንኳ ይህ መድኃኒት ይገባዋል። የሚደማ የጨጓራ ቁስል ከሌለባቸው አስፕሪን በትንሽ መጠን ይጀመርላቸዋል ወይ? የልብን ምት የሚያረጋጋ መድኃኒትስ፣ እንደ ሜቶፕሮሎል ያለ? ደረታቸውን ሲይዛቸው ምላስ ሥር የሚያደርጉት ናይትሮግሊሰሪን ኪሳቸው ውስጥ አለ ወይ? ግፊቱና ስኳሩ መጨረሻ የተለኩት መቼ ነው? እነዚህን ለመጠየቅም ለመጀመርም ባሕር ዳርን መልቀቅ አያስፈልግም።

«ኢሲጂም ኢኮም ደህና ናቸው» ስለተባላችሁት ደግሞ፣ ሐኪሞቹ ያዩትን ነው የነገሯችሁ። ነገር ግን ኢሲጂ አልጋ ላይ ጋደም ብለው የተነሣ የአሥር ሰከንድ የልብ ኤሌክትሪክ ነው። አልጋው ቤዛዊት አይደለም። ደም ቧንቧው 70 በመቶ ጠቦ እንኳ ዕረፍት ላይ ላለ ልብ የሚበቃ ደም ሊያሳልፍ ይችላል፤ እጥረቱ የሚገለጠው ልብ ሥራ ሲበዛበት ነው። ኢኮ የሚያሳየው ደግሞ የልብን በሮችና ጡንቻው ደም እንዴት እንደሚገፋ ነው። በአገራችን የኢኮ ስም የገነነው በልጅነት ከሚይዝ የጉሮሮ ሕመም በኋላ የሚበላሹትን የልብ በሮች ስለሚያሳይ ነው፤ ሰውም «ኢኮ ደህና ነው» ሲባል ልቤ በሙሉ ደህና ነው ብሎ ይመለሳል። ለልብ ራሱ ደም የሚያጠጡት ኮሮናሪ የሚባሉት ቧንቧዎች በተለመደው ኢኮ አይመረመሩም። ስለዚህ አባትሽ እስካሁን የደም ቧንቧ ምርመራ አላደረጉም ብለሽ ቁጠሪው።

ቧንቧዎቹን በቀጥታ ማየት የሚቻለው በሁለት መንገድ ነው፤ አንዱ ሲቲ፣ ሌላው ካቴተር የሚባለው በደም ሥር የሚገባ ቀጭን ቱቦ።

«እዚሁ ሲቲ እያለ» ላልሽው፣ ሲቲ ስካን የተባለ ማሽን ሁሉ አንድ አይደለም። የጭንቅላት መድማት፣ የሳንባ፣ የሆድ ዕቃ ምርመራ ከሆነ 16 ስላይስ የሚባለው፣ በአንድ ዙር 16 ቁራጭ ምስል የሚያነሣው ማሽን ይበቃል። ጭንቅላትም ጉበትም ሲነሡ ጸጥ ብለው ይቆያሉና። ልብ ግን ጸጥ አይልም። የምንፈልጋቸው ቧንቧዎች ደግሞ ስፋታቸው ከ2 እስከ 4 ሚሊሜትር ነው፤ አባትሽ ዕድሜ ልካቸውን የጻፉበት እስክሪብቶ ውስጥ ያለችውን ቀጭን የቀለም ቱቦ አስቢ። ያቺን ቱቦ፣ ያውም ሳታቋርጥ እየዘለለች፣ የግድግዳዋን ውስጥ አንብብ ነው የሚባለው።

ማለዳ ነፋስ ሳይነሣ ጣና ዳር ቆመሽ ታውቂ ከሆነ፣ የታንኳው ጥላ ውኃው ላይ የደንገሉ እስር ሳይቀር ይታያል። ረፋድ ላይ ማዕበሉ ሲነሣ ያው ታንኳ፣ ያው ውኃ፣ ግን ጥላው ተቆራርጦ መልክ የለውም። የልብ ሲቲም እንዲሁ ነው። ልብ በደቂቃ 60 ጊዜ ሲመታ ለእያንዳንዱ ምት አንድ ሰከንድ አለው፤ በዚያች ሰከንድ ውስጥ ልብ ደም ለመሙላት ዘና የሚልባት፣ ቧንቧዎቹም ለአፍታ ረጋ የሚሉባት ጊዜ አለች። ማሽኑ ደረት ላይ በተለጠፈ የኢሲጂ ሽቦ እየተመራ ምስሉን የሚይዘው በዚያች አፍታ ነው። ምቱ 90 ከሆነ ያቺ የዕረፍት ጊዜ ትጠፋለች። ስለዚህ ከምርመራው በፊት ሜቶፕሮሎል ተሰጥቶ ምቱ ወደ 60 እንዲወርድ ይደረጋል፤ ቧንቧዎቹ ሰፋ እንዲሉም ናይትሮግሊሰሪን ምላስ ሥር ይደረጋል። የልብ ሲቲ ጥሩ መሆኑ የሚወሰነው በማሽኑ ብቻ ሳይሆን ከማሽኑ በፊት ባለችው በዚያች አንድ ሰዓት ዝግጅት ነው።

አንድ አዛውንት ትዝ ይሉኛል፤ የዘጌ ሰው ናቸው፣ ቡና እጓሯቸው የሚበቅል። የምርመራው ዕለት ጠዋት ያደሩበት ዘመድ ቤት ቡና ተፈልቶ አቦሉን፣ ቶናውን፣ በረካውንም ጠጥተው መጡ። ምታቸው 88 ነበር። መድኃኒት ተሰጥቷቸው፣ አንድ ሰዓት ተጠብቆ፣ ከ76 አልወርድ አለ። ምስሉ ሲነሣ የቀኙ ቧንቧ ሦስት ቦታ የተቆረጠ ገመድ መሰለ፤ ያ መቆራረጥ ጥበት ይሁን እንቅስቃሴ መለየት አልተቻለም። ጥፋቱ የእኛ ነበር። ቡና እንዳይጠጡ የነገራቸው አልነበረም። ቧንቧውን የሚያጎላው ፈሳሽ፣ ኮንትራስቱ፣ ገብቶ፣ ጨረሩ ደርሷቸው፣ ገንዘባቸው ወጥቶ፣ መልስ ሳያገኙ ተመለሱ። በሁለተኛው ቀጠሮ ካለፈው ቀን ጀምሮ ቡና ሳይቀምሱ መጡ፤ ምታቸው 57 ላይ ረግቶ ያው ቧንቧ ከጫፍ እስከ ጫፍ ምንም ሳይቆራረጥ ታየ። ከዚያ ወዲህ ስለ ቡናው ሳልናገር ማንንም አልሸኝም፦ ከምርመራው በፊት ቢያንስ 12 ሰዓት ቡና የለም፣ ሻይ የለም፣ ኮካ የለም።

ስለዚህ ቦታ ስትመርጡ፣ ባሕር ዳርም ሆነ ጎንደር ወይም አዲስ አበባ፣ በስልክ እንዲህ ብለሽ ጠይቂ። ማሽናችሁ 64 ስላይስና ከዚያ በላይ ነው? በኢሲጂ እየተመራ ልብን ያነሣል? የልብ ምት የሚቀንሰውን መድኃኒት እዚያው የሚሰጥና የሚከታተል ሐኪም አለ? ምስሉን የሚያነበው ማን ነው፣ በወር ስንት የልብ ሲቲ ያነባል? ለእነዚህ ጥርት ያለ መልስ የሰጠሽ ቦታ የትም ይሁን ሂዱ። «ሲቲ ሲቲ ነው» ካሉሽ ግን ቅርብም ቢሆን፣ ርካሽም ቢሆን ተይው።

አንድ የምትሰሙት ሌላ ዓይነት አለ፤ ያለ ኮንትራስት የሚነሣ፣ የካልሲየም ነጥብ የሚባል። ቧንቧው ግድግዳ ላይ የተጋገረውን ካልሲየም ቆጥሮ ቁጥር ይሰጣል፤ 0 ከሆነ ምንም አልታየም፣ ከ100 በላይ ሲሆን ያሳስባል፣ ከ400 በላይ ብዙ ነው። ምንም ሕመም ለሌለው፣ «ስታቲን ልጀምር ወይስ ልተው» ብሎ ለሚያመነታ ሰው ጥሩ ነው። ለአባትሽ ግን አይበቃም። ገና ያልጠነከረ ለስላሳ የቅባት ክምችት በዚህ ምርመራ ስለማይታይ ሕመም ያለበትን ሰው «0 ነው፣ ሂድ» ብሎ መሸኘት አይቻልም። የእሳቸው ኮንትራስት ያለው ይሁን።

ኮንትራስቱ አዮዲን ያለበት ፈሳሽ ነው፤ ከ50 እስከ 100 ሚሊሊትር በክንድ ደም ሥር በፍጥነት ይገባል። ሲገባ ገላ በሙሉ ይሞቃል፣ ሽንት ያመለጠ ይመስላል፤ ይህን አስቀድመሽ ንገሪያቸው። ሳይነገረው የገባ ሰው በዚያች ቅጽበት ይደነግጣል፣ ሲደነግጥ ምቱ ይጨምራል፣ ምቱ ሲጨምር ምስሉ ይበላሻል። ትንፋሽ ይዘው የሚቆዩት ለአሥር ሰከንድ ገደማ ነው፤ ቤት ውስጥ ሁለት ሦስት ቀን ይለማመዱት። ከምርመራው በፊት ለአራት ሰዓት ያህል ምግብ ባይበሉ ይመረጣል፤ ውኃ ግን ይጠጡ። ይህን አጠንክሬ የምለው ቀጠሮው ጾም ላይ ከዋለ አባትሽ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃ ሳይቀምሱ ሊመጡ ስለሚችሉ ነው። ውኃ ያነሰው ሰው ላይ ኮንትራስት ለኩላሊት አይመችም። ከንስሐ አባታቸው ጋር አስቀድመው ይነጋገሩ።

የኩላሊትን ሥራ የሚያሳየው የደም ምርመራ፣ ክሬቲኒን፣ ሳይለካ ወደ ማሽኑ አይግቡ፤ ስኳርና ግፊት ሁለቱም ኩላሊትን ይነካሉና። ኩላሊታቸው ደህና ከሆነ ሜትፎርሚን የሚባለውን የስኳር መድኃኒት ቢወስዱም ማቋረጥ አያስፈልግም፤ የኩላሊት ማጣሪያ ቁጥሩ ከ30 በታች ከሆነ ግን ለ48 ሰዓት መተው አለበት፣ እንዲያውም ሲቲው ራሱ እንደገና ይታሰብበታል። አስም ካለባቸው ይናገሩ፤ ምት የሚቀንሰው መድኃኒት ትንፋሽ ሊያሳጥር ይችላል። እንቅርት ካለባቸውም ይናገሩ። በደጋው አገራችን እንቅርት ብዙ ነው፤ በአንድ ጊዜ የሚገባ ብዙ አዮዲን አንዳንዱን እንቅርት ከልክ በላይ ሊያሠራው ይችላል፤ ይህን የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። የጣና አሳ ያሳከከኝ ነበርና ኮንትራስት አልወስድም የሚል ሰውም ይገጥመኛል። የአሳ አለርጂ ከአዮዲኑ ጋር አይያያዝም፤ ከዚህ በፊት ኮንትራስት ራሱ ያስቸገረው ሰው ነው መጠንቀቅ ያለበት።

አንድ ነገር ደግሞ አንቺ ሳትሆኚ ሐኪሙ ለብቻቸው የሚጠይቃቸው አለ። ለስንፈተ ወሲብ የሚወሰዱ መድኃኒቶች፣ እንደ ሲልደናፊልና ታዳላፊል ያሉት፣ ከናይትሮግሊሰሪን ጋር ሲገናኙ የደም ግፊትን አደገኛ በሆነ ሁኔታ ያወርዳሉ። ለሲልደናፊል ቢያንስ 24፣ ለታዳላፊል ቢያንስ 48 ሰዓት ማለፍ አለበት። የእኛ አባቶች ይህን ልጃቸው ፊት አይናገሩም፤ አንቺም አትጠይቂያቸው። ከክፍሉ ወጣ በይላቸው፤ ያ ይበቃል።

ለእናትሽ፦ ሰው ምንም ሳያስነሣ ከመሬትና ከሰማይ በዓመት በአማካይ 2.4 ሚሊሲቨርት (የጨረር መለኪያ ነው) ያህል ጨረር ይደርሰዋል። በዘመናዊ ማሽን በደንብ የተሠራ የልብ ሲቲ አብዛኛውን ጊዜ ከ5 ሚሊሲቨርት በታች ነው፤ የካልሲየሙ ወደ 1 ገደማ። በቀድሞው አሠራር ከ10 እስከ 15 ይደርስ ነበር፤ ፍርሃቱም ከዚያ የመጣ ይመስለኛል። የ25 ዓመት ልጅ ያለ ምክንያት ላስነሣ ቢለኝ እከለክላለሁ። ለ61 ዓመት ሰው፣ በዚህ ሕመም፣ ጨረሩ የሚያስፈራ አይደለም። የሚያስፈራው ሳይታወቅ የቀረው ቧንቧ ነው።

አሁን ወንድምሽ ወዳነሣው ልምጣ፤ ጥያቄው የዋዛ አይደለም። በካቴተር መታየት ማለት ከእጅ አንጓ ወይም ከብሽሽት ቀጭን ቱቦ ገብቶ እስከ ልብ ደርሶ ኮንትራስት ሲረጭ ማየት ነው። ጥቅሙ ጥበት ከተገኘ እዚያው ስቴንት፣ ቧንቧውን ከፍቶ የሚይዝ የሽቦ ቱቦ፣ ማስገባት መቻሉ ነው። ግን ወደ ሰውነት የሚገባ ሥራ ነው፤ ብዙ ጊዜ ባያጋጥምም መድማት፣ ሃርት አታክ (የልብ ቧንቧ በድንገት ሲዘጋ የሚመጣው)፣ ስትሮክ ሊያመጣ ይችላል። በአውሮፓ 3,561 ሕመምተኞችን ለሁለት ከፍሎ ግማሹን በሲቲ፣ ግማሹን በቀጥታ በካቴተር የመረመረ፣ እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመ ዲስቻርጅ የሚባል ጥናት አለ። ከዓመታት በኋላ በሞት፣ በሃርት አታክና በስትሮክ በሁለቱ ወገን መካከል ጉልህ ልዩነት አልተገኘም፤ ከምርመራና ከሕክምና ሥራው ጋር የተያያዘ ከባድ ጉዳት ግን በሲቲው ወገን 0.5 በመቶ፣ በካቴተሩ ወገን 1.9 በመቶ ነበር። ሕመሙ ለተረጋጋ ሰው ሲቲ ቢቀድም የሚያጣው ነገር የለም ማለት ነው።

እንዲያውም ሌላ ነገር አለ። እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመው ኢስኬሚያ የተባለው ጥናት 5,179 ሰዎችን ይዞ፣ ልባቸው በሥራ ጊዜ ደም እንደሚያንሰው የተረጋገጠላቸውን፣ ግማሹን ቶሎ ካቴተርና ስቴንት ወይም ቀዶ ሕክምና አደረገላቸው፤ ግማሹን በደህና መድኃኒት ብቻ ያዛቸው። ስቴንቱ ሕመም በማስታገስ በለጠ። በሞትና በሃርት አታክ ግን አልበለጠም። ብዙ ሰው ይህን ሰምቶ «እንግዲያው ሲቲውም ካቴተሩም ይቅር፣ መድኃኒት ይበቃል» ይላል። አይደለም፤ ለአባትሽ ሲቲውን የምፈልግበት ዋና ምክንያትም እዚህ ላይ ነው። ወደዚያ ጥናት ሰዎች ከመግባታቸው በፊት አብዛኞቹ ሲቲ ተነሥተው ነበር፤ የተነሡትም ግራ ዋና ግንድ የሚባለው ቧንቧ አለመጥበቡን ለማረጋገጥ ነው። ይህ ግንድ የግራውን የልብ ክፍል ለሚያጠጡት ሁለት ትልልቅ ቅርንጫፎች ደም የሚያካፍል፣ አንድ ሁለት ሴንቲሜትር የማይሞላ አጭር ቧንቧ ነው። እሱ የጠበበበት ሰው ከጥናቱ ውጭ ተደርጎ ለስቴንት ወይም ለቀዶ ሕክምና ይላካል። «በመድኃኒት መቀመጥ ይቻላል» የሚለው ቃል የተነገረው እንግዲህ ግንዱ ታይቶ ላለፈ ሰው ነው። ለአባትሽ መድኃኒቱን ነገ ጀምሩ ያልኩሽ ስለሚገባቸው ነው፤ በመድኃኒቱ ተረጋግተው ይቀመጡ ለማለት ግን ያቺ አጭር ግንድ መታየት አለባት።

ሪፖርቱ ሲመጣ ካድ ራድስ የሚል ቁጥር ይኖርበታል፤ ከ0 እስከ 5። 0 ማለት የቧንቧው ግድግዳ ንጹሕ ነው። 1 እና 2 ክምችት አለ፣ ጥበቱ ግን ከ50 በመቶ በታች ነው። 3 ከ50 እስከ 69፣ 4 ከ70 እስከ 99 በመቶ ነው፤ 5 ሙሉ በሙሉ የተዘጋ ነው። በደንብ የተነሣ ሲቲ «ጥበት የለም» ሲል ማመን ይቻላል፤ ከመቶ ከ95 ጊዜ በላይ ልክ ነው። «ጥበት አለ» ሲል ግን አንዳንዴ ያጋንናል። በተለይ የስኳር ታማሚ ቧንቧ ላይ ካልሲየም ይበዛል፤ የውኃ ማፍያ ውስጥ እንደሚጋገረው ነጭ ጠጠር ነው፣ ምስሉ ላይ ደግሞ ከመጠኑ በላይ አብርቶ ውስጡን ይሸፍናል። ስለዚህ 3 ወይም 4 የሚል ወረቀት ይዛችሁ ሌሊቱን ስትላቀሱ እንዳታድሩ። 3 ከሆነ ብዙ ጊዜ ልብ እየሠራ የሚታይበት ተጨማሪ ምርመራ ይከተላል፤ 4 ከሆነ፣ ወይም ግንዱ ላይ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ጥበት ከታየ፣ ወንድምሽ ወዳለው ካቴተር ትሄዳላችሁ፤ ያኔ ሥራው የት ቦታ እንደሆነ ታውቆ ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው 1 እና 2 ላይ ነው። አንዲት የ54 ዓመት አሳ ነጋዴ ሪፖርታቸው ላይ 30 በመቶ የሚል ተጽፎ «ምንም የለም ተባልኩ» ብለው መጡ። ስክሪኑን አዙሬ አሳየኋቸው፤ ነጭ ሆኖ በሚያበራው ደም ጎን የጥፍር ጫፍ የምታህል ግራጫ እብጠት ነበረች። የደረታቸው ሕመም ከእሷ አልነበረም፣ ከጡንቻ ነበር። እብጠቷ ግን ለወደፊቱ የምትነግረው አላት፤ ሃርት አታክ ብዙ ጊዜ የሚመጣው እንዲህ ያለች ለስላሳ ክምችት በድንገት ስትሰነጠቅና ደም ሲረጋባት ነው። ስታቲን ጀመሩ፣ ግፊታቸውን ያዝን። በስኮትላንድ 4,146 የደረት ሕመምተኞች ላይ የተካሄደው፣ እ.ኤ.አ. በ2018 የአምስት ዓመት ውጤቱ የታተመው ስኮት ሃርት የተባለ ጥናት ያሳየውም ይኸው ነው። ሲቲ ከተጨመረላቸው መካከል በልብ ደም ቧንቧ ሕመም የሞቱት ወይም ሃርት አታክ የደረሰባቸው 2.3 በመቶ ሲሆኑ በተለመደው ክትትል ብቻ ከነበሩት 3.9 በመቶ ነበሩ። በአምስት ዓመት ውስጥ ካቴተር የገባላቸው ቁጥር በሁለቱም ወገን ተቀራራቢ ነበር። ልዩነቱን በዋናነት ያመጣው፣ ቧንቧው በዓይን ስለታየ መከላከያው መድኃኒት ለሚገባው ሰው መጀመሩ ነው።

እንግዲህ የእናትሽ የዕቁብ ገንዘብ። ገንዘቡ ለአንዱ ብቻ የሚበቃ ከሆነ፣ መጀመሪያ የአንድ ዓመት መድኃኒት ይገዛበት። ሲቲ ተነሥቶ መድኃኒት የሚገዛበት ያጣ ሰው አይቻለሁ፤ ሲዲው መሳቢያ ውስጥ ተቀመጠ፣ ስታቲኑ በሁለተኛው ወር ተቋረጠ። ለሁለቱም የሚበቃ ከሆነ ግን አዎ፣ ይሠራ፤ ለእሳቸው ዕድሜና ለእንዲህ ያለ የተረጋጋ ሕመም ተገቢ ምርመራ ነው። የሩጫ መሣሪያ ላይ የሚደረገው ኢሲጂ ቅርባችሁ ከተገኘ ርካሽ ነውና ሲቲው እስኪደርስ ቢሠራ አልከለክልም፤ ግን የሚያልፈው ነገር ብዙ ስለሆነ እሱ ደህና አለ ብላችሁ ሲቲውን አትሰርዙ። ሲቲውን ስትጨርሱ ወረቀቱን ብቻ ሳይሆን ሙሉውን ምስል በሲዲ ወይም በፍላሽ ተቀበሉ። ሌላ ሐኪም ዳግመኛ ሊያየው ይችላል፤ ከወረቀት ላይ ቧንቧ አይታይም።

ለጉዞው፦ መንገዱ ረጅም ነው፣ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ። አዲስ አበባ ደግሞ ከባሕር ዳር በ500 ሜትር ገደማ ከፍ ትላለች፤ እዚህ ሜዳ ላይ የማይይዛቸው እዚያ ትንሽ ዳገት ላይ ሊይዛቸው ይችላል። ሻንጣ አያሸክሟቸው፣ ደረጃ ቀስ ብለው ይውጡ፣ ናይትሮግሊሰሪኑ ሻንጣ ውስጥ ሳይሆን ደረት ኪሳቸው ውስጥ ይሁን።

እስከዚያው የቤዛዊትን ዳገት ይተዉት፤ ጣና ዳር ባለው ሜዳ ቀስ ብለው ይራመዱ፣ ሲጀምራቸው ይቁሙ። መምህር ናቸውና ደብተር መያዝ አይከብዳቸውም፦ ቀኑን፣ ምን ያህል ሄደው እንደጀመራቸው፣ ስንት ደቂቃ ቆመው እንደለቀቃቸው ይጻፉ። ዛሬ ዳገት ላይ ብቻ የሚመጣው ከሳምንት በኋላ ሜዳ ላይ፣ ከዚያ ግቢ ውስጥ ሲንቀሳቀሱ መምጣት ከጀመረ፣ ወይም በሦስት ደቂቃ ይለቅ የነበረው አሥር ደቂቃ ከቆየ፣ የአዲስ አበባውን ቀጠሮ ተዉትና በዚያኑ ቀን ሐኪም ዘንድ ሂዱ። ቁጭ ብለው ወይም ተኝተው ከያዛቸው፣ ላብ ካጠመቃቸው፣ አንድ ናይትሮግሊሰሪን ወስደው በአምስት ደቂቃ ካልለቀቃቸው ደግሞ ሌሊትም ቢሆን ፈለገ ሕይወት ወይም ጥበበ ግዮን፣ ወደሚቀርባችሁ ድንገተኛ ክፍል ውሰዷቸው፤ አስፕሪን የማይከለከሉ ከሆነ 300 ሚሊግራም ያህል፣ ባለ 81 ከሆነ አራት ፍሬ፣ መንገድ ላይ ያኝኩ። እዚያ ስትደርሱ «ጨጓራ አለባቸው» ብለሽ አትጀምሪ። «ደረታቸውን ይዟቸዋል፣ ስኳርና ግፊት አለባቸው፣ ኢሲጂ አሁን ይነሣላቸው» በይ፤ ደብተራቸውንም ይዘሽ ሂጂ።